ቃል በቃል

አስፋው ፌስቡክ የገባው ጡረታ በወጣ በዓመቱ ነው። ባይገባ ይሻለው ነበር፤ ግን ጡረታ የወጣ ሰው ምን ይሁን? የሸዋ ሮቢት ሙቀት ከአምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰውን በረንዳ ላይ አጋድሞ ያውለዋል። ተጋድሞ የሚውል ሰው ደግሞ ወይ ይተኛል፣ ወይ ነገር ይፈልጋል። አስፋውን የቀን እንቅልፍ አይወስደውም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት ቃል ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ምስክር ይናገራል፣ አስፋው ይጽፋል፣ ከዚያ መልሶ ለምስክሩ ያነብለታል። ምስክሩ «አዎ፣ ቃሌ ነው» ካለ አውራ ጣቱን ያትማል። አስፋው አንዲት ቃል አይጨምርም፣ አንዲት ቃል አይቀንስም። ዳኛው ሲሾም ዳኛው ሲሻር አስፋው እዚያችው ወንበር ላይ ነበር። በቀወት ወረዳ ገበሬ ዘንድ «አስፋው የጻፈው ነው» ከተባለ ክርክሩ አበቃ፤ ተከሳሹ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሱም ይህን ያውቃል። እንዲያውም ትንሽ አብዝቶ ያውቃል።

የገባበት ግሩፕ «የቀወት ልጆች መወያያ» ይባላል፤ የከፈተው ስልክ ጠጋኙ ቢኒያም ነው። ስምንት ሺህ ሰው አለበት፣ ከስምንት ሺው ሰባት ሺው ይሰዳደባል። አንዱ የጻፈውን ሌላው ግማሹን ቆርጦ ወስዶ «ይህን ጉድ እዩልኝ» ይላል። ያላለውን ብሏል የተባለው ሰው አላልኩም ሲል «ፈራ!» ይባላል። በጓዳ የተጻጻፉትን አደባባይ አውጥቶ የሚለጥፍም አለ፤ እሱስ ይግረማችሁ። አስፋው ይህን ሲያይ ቆሽቱ አረረ። አንድ ቀትር ላይ ወረቀት አውጥቶ ደንብ አረቀቀ። የሰው ቃል የሚጠቅስ ሰው፣ ቢረዝምበት እንኳ፣ ትርጉሙ ከሚዞርበት ቦታ ላይ አይቁረጥ አለ። የማን ቃል እንደሆነና መቼ እንደተባለ ይጻፍ። ሰው የሌላውን ወሬ ሲያወራ ያነሣው የራሱ ቃል ተደርጎ አይለጠፍበት። በግል የተነገረ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይውጣ። የተጠቀሰው ሰው እንዲህ አላልኩም ካለ ደግሞ የሚናገርበት ቦታ ይሰጠው።

ቢኒያም ደንቡን ከሁሉ በላይ ሰቀለው፣ አስፋውንም አድሚን አደረገው። ከዚያ ወዲያ ሰዉ ሲጣላ «ጋሽ አስፋው ይፍረዱን» ይል ጀመር። እሱም መነጽሩን አጥልቆ፣ ስልኩን እንደ መዝገብ በሁለት እጁ ይዞ ይፈርዳል። የቆረጠውን ይገሥጻል፣ የጨመረውን ያስወጣል። ሚስቱ ሸዋነሽ «ጡረታ ወጣ ያልነው ሰውዬ ይኸው ችሎት በረንዳችን ላይ ከፈተ» እያለች ታሾፍበት ነበር። ደስ ይለው ነበር፤ ለምን ይዋሻል።

አሁን ወደ አብዱሰላም ልምጣ። አብዱሰላም የውሃ አባት ነው። ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈውን ቦይ ለላይ ሰውና ለታች ሰው በተራ የሚያካፍል እሱ ነው። ላይ ያለው አብዛኛው ክርስቲያን፣ ታች ያለው አብዛኛው ሙስሊም ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ሽንኩርት ከመተከሉ በፊት፣ ሁለቱም ወገን ቦዩ ራስ ተሰብስቦ ይመርጣል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የመረጡት አብዱሰላምን ነው። እሱ ራሱ የታች ሰው ነው፤ ስለዚህ የላይ ሰው ካላመነው አንድ ቀን አይውልም። የውሃ አባት መሣሪያው መታመኑ ብቻ ነው። ውሃውን የሚጠብቅለት ዘበኛ የለውም።

ፊደል አልቆጠረም። ግሩፑ ውስጥ የሚናገረው በልጁ በሰይዳ እጅ ነው። ሰይዳ አስተማሪ ናት። አባቷ የዐሥር ሶላቱን ሰግዶ ሲጨርስ ጎኑ ትቀመጣለች፣ እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። ከአስፋው ጋር ከወጣትነት ጀምሮ ይተዋወቃሉ። ሸዋነሽ በመጀመሪያ ልጇ ምጥ በጠናባት ጊዜ፣ መኪና በሌለበት፣ አልጋዋን ከተሸከሙት ስምንት ሰዎች የፊተኛው አብዱሰላም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ።

ነገሩ የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. መስከረም ውስጥ ነው። አስፋው ግሩፑ ላይ ረጅም ጽሑፍ አወጣ። የውሃው ተራ ከእንግዲህ በሰዓት ተከፍሎ፣ በወረቀት ተጽፎ፣ ተፈርሞ ይለጠፍ የሚል ነው። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ ሦስት ቀን ደክሞበታል። በማግስቱ አብዱሰላም በሰይዳ እጅ መለሰ። አስፋው ጥሩ አድርጎ ጽፏል፣ ግን ውሃ ሰዓት አያውቅም አለ። ከላይ ሲለቀቅ ታች እስኪደርስ ደረቅ አፈር እንደሚጠጣው፣ አንዱ ማሳ በአንድ ሰዓት ሲጠግብ ሌላው በሦስት እንደማይጠግብ አስረዳ። ይህ ሁሉ ባልከፋ። መጨረሻው ላይ ግን «አስፋው ሽንኩርት የሚያውቀው ወጥ ውስጥ ነው» አለ።

ወይ ጉድ! ሦስት መቶ ሰው ሳቀ። በማግስቱ አስፋው መንገድ ሲወጣ አንዱ ባጃጅ ነጂ አጠገቡ ቀጥ ብሎ፣ ሽንኩርት የሚጭኑ ከሆነ ላግዝዎት አለው። ሽንኩርት ሻጯ እንኳ ከፈገግታ ጋር አንድ ራስ ሽንኩርት መረቀችለት። አብዱሰላም ሊያዋርደው አልፈለገም፤ የቀወት ሰው ከወዳጁ ጋር እንዲህ ነው የሚጫወተው፤ አስፋውም ያውቃል። ቢሆንም ያቺ ቀልድ ከነከነችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ተከብሮ የኖረ ሰው ፊደል በማያውቅ ገበሬ መሳቂያ ይሁን! ይህን ማለቱ ራሱ ነውር ነው፣ ግን በልቡ ያለው እንዲህ ነው።

በረንዳው ላይ ተጋድሞ የአብዱሰላምን ያለፉ ጽሑፎች ወደ ኋላ መቆፈር ጀመረ። ሁለት ቀትር ቆፈረ። ጥር ወር ላይ አንድ አገኘ። እንዲህ ይላል፦ «‹የላይ ሰው የውሃ ሌባ ነው› የሚለኝ ሰው በየቀኑ አይጠፋም። እኔ ሃያ አምስት ዓመት ውሃ አካፍያለሁ። ሌባ ሰው አይቻለሁ፣ ሌባ መንደር ግን አላየሁም። የላይ ሰው ወንድሜ ነው።»

አስፋው አነበበው። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም ያነበበው። ስለዚህ አላየሁም፣ ተሳስቼ ነው ማለት አይችልም፤ እኔም አልልለትም። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አምስቷን ቃል መዝዞ አወጣት። ቀኑን ጻፈ፣ የአብዱሰላምን ስም ጻፈ፣ ከዚያ በለመደ እጁ «ቃል በቃል» ብሎ «የላይ ሰው የውሃ ሌባ ነው» የሚለውን አስከተለ። ከታች ደግሞ የውሃ አባቱ እንዲህ የሚል ከሆነ ተራው በወረቀት ቢሆን ምን ይከፋል ሲል ጠየቀ። ለጠፈው። ወዲያው ላጥፋው ይሆን አለ። ያን ጊዜ ላይኩ መዝነብ ጀመረ።

የላይ ሰው ተቆጣ። ይህንን ሌላ ሰው ቢለጥፈው ኖሮ ማስረጃህ የታለ ይባል ነበር። የለጠፈው ግን አስፋው ነው። አስፋው ከጠቀሰ ማን ዘጠኝ ወር ወደ ኋላ ሄዶ ያጣራል? ሰይዳ በሩብ ሰዓት ውስጥ ከሥሩ ኮሜንት ጻፈች። የአባቷን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስቀምጣ፣ ይኸው ሙሉው ነው፣ ጋሽ አስፋው በራስዎ ደንብ ይፍረዱ አለች። ስድብ የለበትም።

አስፋው አጠፋው።

ከርዕስ የወጣ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። ደግማ ጻፈች፣ ደግሞ አጠፋ። በሦስተኛው ከግሩፑ አስወጣት። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በግል «ጋሽ አስፋው፣ የአባቴን ቃል ይመልሱልኝ» የሚል መልእክት ላከችለት። ማየቱ ለእሷ እንደሚታያት ያውቃል። አየው፤ አልመለሰም። ነገ ሲበርድልኝ አስተካክለዋለሁ አለ። ነገ ሲመጣ ደግሞ እንዴት ተብሎ ይስተካከላል? ቆርጫለሁ ሊል ነው? ያ ሁሉ ሰው «ይፍረዱን» የሚለውን ሰው ምን ሊለው ነው? እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ቀኑ ቀኑን እየጎተተ ወሰደው።

ሸዋነሽ ወሬውን ከገበያ ሰማች። ያን ዕለት ላሟ እንደጠፋባት ሴት ዝም ብላ ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች። አብዱሰላም ነው እንዲህ ያለው ብላ ጠየቀችው። ጽሑፉ ውስጥ አለ አላት። «እስቲ ሙሉውን አንብብልኝ» አለችው። መነጽሬ ይኸው ጠፋብኝ ብሎ ተነሣ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር፤ ሁለቱም ያውቃሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሸዋነሽ ምሳውን አቅርባ ከእሱ ጋር መብላቱን ተወችው፤ ለእሱም እህሉ እንደ ድንጋይ ሆነበት።

በለጠፈው በዐሥራ ሁለተኛው ቀን የውሃው ስብሰባ ደረሰ። ሐሙስ ጠዋት ነው። አስፋው አልሄድም ሊል አስቦ ነበር፤ ግን የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ከድሮም የሚጽፈው እሱ ነው፣ ቢቀር ይጠየቃል። ደብተሩን ይዞ በባጃጅ ወረደ። ቦዩ ራስ ያለው ሮቃ ዛፍ ሥር ሰው ሞልቷል። ሌላ ጊዜ የላይና የታች ሰው ተቀላቅሎ ነበር የሚቀመጠው። ያን ዕለት ግን የላይ ሰው በአንድ ጎን፣ የታች ሰው በሌላ ጎን ነው የተቀመጠው፤ በመሐላቸው አንድ በሬ የሚያሳልፍ ባዶ ቦታ አለ። አብዱሰላም አስፋውን ሲያየው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ጨበጠው፣ የሸዋነሽን ደኅንነት ጠየቀው። ቂም ያለው ሰው አጨባበጥ አልነበረም። ሰውየው ከስቷል።

ከላይ ሰዎች ደረጄ የሚባለው ጎልማሳ ገበሬ ተነሣ። ደረጄ ነገረኛ አይደለም፤ ሽንኩርቱ እንዳይደርቅበት የሚፈራ፣ አምስት ልጆች ያሉት ሰው ነው። ስልኩን አውጥቶ አነበበው፤ ቀኑን፣ ስሙን፣ ቃል በቃል የሚለውንም ሳይቀር። ከዚያ አባ አብዱሰላም፣ ሌባ የሚለንን ሰው እንዴት አድርገን ውሃ አባት እንበለው ብሎ ተቀመጠ። የታች ወጣቶች አጉረመረሙ። አብዱሰላም በእጁ ዝም አሰኛቸው።

«የጻፈው አስፋው ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀ።

እሱ ነው አሉት።

«እንግዲያው ብያለሁ» አለ አብዱሰላም። «እኔ ፊደል አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ አስፋው በጻፈው ላይ ጣቴን አትሜአለሁ፤ ወላሂ አንድ ቀን ያላልኩት ቃል አልተገኘበትም። እኔ እንዲህ ማለቴ ትዝ አይለኝም። ግን ሰው ያረጃል፣ አፍም ይስታል። አስፋው ብለሃል ካለኝ ብያለሁ። የላይ ሰዎች፣ ወንድሞቼ፣ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ። ውሃውን ለሌላ ሰው ስጡ።»

ሊከራከሩት የመጡት ሰዎች ሳይቀሩ አቀረቀሩ። ከላይ ሰዎች አንዱ ሽማግሌ ቀስ ብለው፣ እንግዲህ አምኗል፣ ጋሽ አስፋው ይጻፉት አሉ።

አስፋው ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። «አቶ አብዱሰላም ስለ ተጠቀሰው ቃል ሲጠየቁ፣ ብያለሁ በማለት» ብሎ ጻፈ። እጁ ቆመ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ውሸት ነው ብሎ የጠረጠረውን ስንቱን ቃል ጽፏል! ምስክር ቢዋሽ ኃጢአቱ የምስክሩ ነው። ይህን ውሸት ግን የወለደው እሱ ራሱ ነው፤ ንጹሑ ሰው ደግሞ አምኖት ተቀበለው። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ በሆዱ። መሬቷ ዝም አለች፤ ሰዎቹም ብዕሩን እያዩ ይጠብቃሉ።

ተነሣ። ደብተሩ ከጭኑ ላይ ወደቀ።

«አላለም» አለ።

ድምፁ ስላልወጣ ደረጄ ምን አሉ ብሎ ጠየቀ። አስፋው ደገመው። ስልኩን አወጣ፣ የጥሩን ጽሑፍ ፈለገ። ጣቱ ሁለት ጊዜ ሳተው። ከዚያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበላቸው። የላይ ሰው ወንድሜ ነው የሚለውን እንደ ምንም ጨረሰው። እኔ ነኝ የቆረጥኩት አላቸው። ሳላየው አይደለም፣ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ አንብቤ ነው። ሰው ስለሳቀብኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ማንም አልሰደበውም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ደረጄ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰና አስፋውን ሳያይ ወደ አብዱሰላም ሄዶ ጉልበቱን ሊስም ጎነበሰ። አብዱሰላም ትከሻውን ይዞ አነሣው። የላይ ሰዎች ባዶውን ቦታ ተሻግረው መጡ፤ ሃያ ሰባተኛውን ዓመት ጀምርልን፣ ተራውን አሁን አውጣልን አሉት። አብዱሰላም ግን የሚሰማቸው አይመስልም። አስፋውን ብቻ ነው የሚያየው።

«ሰይዳ ሙሉውን ጽፋ ነበር?» አለው።

«ጽፋ ነበር።»

«የት ሄደ?»

«አጠፋሁት» አለ አስፋው። «ሁለት ጊዜ። ከዚያ አስወጣኋት።»

አብዱሰላም በእጁ ፊቱን ከላይ ወደ ታች ጠረገ። ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ለአስፋው ብቻ የሚያወራ ይመስል ነበር፣ ሰዉ ግን ሁሉንም ሰማ።

«ነግራኝ ነበር» አለ። «አባዬ፣ ጋሽ አስፋው ቆርጦብህ ነው አለችኝ። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። አስፋው አይቆርጥም አልኳት። እኔን ለማዳን ብለሽ የሰው ስም ታጠፊያለሽ አልኳት። ዋሾ ልጅ ከቤቴ ትውጣ አልኩ።» ቆየና «ልብሷን ይዛ አሊዩ አምባ አክስቷ ጋ ሄደች። ዐሥር ቀን ሆናት» አለ።

አስፋው እሷን ለማምጣት አብሬህ ልሂድ፣ እግሯ ላይ ልውደቅ አለው።

«አንተ ተቀመጥ» አለው አብዱሰላም። «ደብተርህን አንሣ፣ ጻፍ። አብዱሰላም ልጁን ያባረረው አንተን አምኖ ነው ብለህ ጻፍ።»

ሰዎቹ ቢያንስ ተራውን አውጥተህ ሂድ ብለው ለመኑት። ውሃው ይቆያል፣ ልጄ ትቅደም አላቸው። በማሳው ድንበር አድርጎ ወደ አስፋልቱ ወጣ፤ አንድ ባጃጅ ቆመለትና ገባ።

አስፋው ደብተሩን ከአፈር ላይ አነሣ። የጀመረውን መስመር ሳይሰርዝ ከሥሩ የታዘዘውን ጻፈ። መቶ ሰው ከቦት ቆሟል፤ አንድም ያናገረው የለም።